ስለ ፊልም ኑዋርና ስለ ኮከቦቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች የድሮ የሆሊውድ የወንጀል ፊልሞችን ማየት ከጀመሩም፣ ሊጀምሩ ካሰቡም ሰዎች የሚመጡ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን መጨረሻ ላለመናገር ተጠንቅቄያለሁ፤ ፊልሙ ራሱ መጀመሪያ ላይ የሚነግረንን ግን አልደበቅኩም።

ፊልም ኑዋር ምን ዓይነት ፊልም ነው?

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ፣ አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ የሆኑ የወንጀል ፊልሞች ናቸው። ወንጀል ያለበት ፊልም ሁሉ ግን ኑዋር አይባልም። በተለመደው የፖሊስ ፊልም ጥያቄው «ማን ገደለ?» ነው። ኑዋር ውስጥ ገዳዩን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው እናውቀዋለን። አንዳንዴ ታሪኩን የሚተርክልን እሱ ራሱ ነው።

ታዲያ ምን እናያለን? አንድ ሰው ገደል መሆኑን እያወቀ እንዴት እንደገባበት እናያለን። መመለስ የሚችልባት አንዲት ቅጽበት ነበረች፤ አልተመለሰም። እኔ እነዚህን ፊልሞች የምወዳቸው ለዚያች ቅጽበት ብዬ ነው። ትልቅ ተዋናይ ያቺን ቅጽበት አንድ ቃል ሳይናገር ፊቱ ላይ ያሳያል።

ፊልሞቹ የአሜሪካ ሆነው ስማቸው ለምን ፈረንሳይኛ ሆነ?

ፈረንሳይ በጀርመን በተያዘችባቸው ዓመታት የአሜሪካ ፊልም ወደ ፓሪስ አይገባም ነበር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1946፣ የዓመታት ክምችት በአንድ ጊዜ ገባ። ተመልካቾች የሆሊውድ ፊልም እንደጨለመ አስተዋሉ። ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሃያሲ በዚያው ዓመት ፊልም ኑዋር፣ «ጥቁር ፊልም» ማለት ነው፣ ብሎ ስም አወጣላቸው። የሠሯቸው ሰዎች ግን ስሙን አያውቁትም ነበር። ለእነሱ ተራ የወንጀል ወይም የድራማ ፊልሞች ነበሩ።

ማን ፈጠራቸው?

አንድ ፈጣሪ የላቸውም። ታሪኩን የሰጡት እንደ ዳሺል ሃሜት፣ ጄምስ ኤም. ኬን እና ሬይመንድ ቻንድለር ያሉ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ናቸው። መልኩን ከሰጡት መካከል ደግሞ ብዙዎቹ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ፍሪትዝ ላንግ፣ ቢሊ ዋይልደር፣ ሮበርት ሲዮድማክ እና ኤድጋር ኡልመር በበርሊን ፊልም ውስጥ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ኦቶ ፕሬሚንገር ከቪየና መጣ። ዋይልደር ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ከበርሊን ወጣ፤ እናቱን የናዚዎች ጭፍጨፋ በላት።

እነዚህ ሰዎች የለመዱት ሀገር ዓይናቸው እያየ ሲገለበጥ ያዩ ናቸው። ፊልሞቻቸው ውስጥ ማንም የማያምነው ሰው፣ በሩ ሲንኳኳ የሚደነግጥ ሰው፣ ያለፈ ታሪኩ ተከትሎ የሚደርስበት ሰው ይበዛል። ስደትን የቀመሰ ተመልካች ይህን ስሜት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚጨልሙት? የገንዘብ ችግር ነው?

በከፊል አዎ። ብዙዎቹ በአነስተኛ በጀት የተሠሩ ነበሩ። በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ለመድረክ ግንባታ የሚሆን ዕቃ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የተወሰነ ግድግዳ ብቻ ያለው ክፍል በደንብ ከተጨለመ ጉድለቱ አይታይም።

ግን ችግር ብቻውን ይህን ውበት አይሠራም። የካሜራ ባለሙያዎቹ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ሃንጋሪ የተወለደው ጆን አልተን ብዙ መብራት ማብራትን አይወድም፤ አንዱን አብርቶ ሌላውን ለጨለማ ይተወዋል። በ1955 የቀረጸው «ዘ ቢግ ኮምቦ» መጨረሻ ላይ ከጉምና ከሁለት ሰዎች ጥላ በቀር ምንም ማለት ይቻላል የለም። እስካሁን ያን ምስል የሚያክል ጥቂት ነው ያየሁት። ኒኮላስ ሙሱራካ ደግሞ መብራቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ሰው ሲራመድ ጥላው ግድግዳው ላይ ከራሱ በላይ ይገዝፋል። ጆን ሳይትዝ «ደብል ኢንደምኒቲ» ውስጥ አየሩ አቧራ ያዘለ እንዲመስል ደቃቅ የአሉሚኒየም ብናኝ እንዲበተን አደረገ። ፀሐይ በመስኮቱ መጋረጃ ሰንጥቃ ስትገባና ብናኙ ሲበራ፣ ቤቱ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ይመስላል። አንድም ቃል ሳይነገር እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ትዳር ምን እንደሚመስል ይገባችኋል።

ከየትኛው ፊልም ልጀምር?

ከ«ደብል ኢንደምኒቲ»። 1944፣ ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር። ሌላ ምርጫ ቢሰጠኝም መልሴ ያው ነው።

ዋልተር ኔፍ የሎስ አንጀለስ የኢንሹራንስ ሻጭ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ ሊያሳድስ አንድ ቤት ይሄዳል። ባልየው የለም። ሚስትየው ፊሊስ ትወርዳለች፤ ወሬው ከመኪና ወደ አደጋ፣ ከአደጋ ወደ ሞት ካሳ ይዞራል። ፊልሙ የሚጀምረው ግን ከሁሉም በኋላ ነው። ኔፍ ቆስሎ በሌሊት ቢሮው ይመጣል። የድምፅ መቅጃውን ይከፍትና የገደልኩት ለገንዘብና ለሴት ነው፣ ገንዘቡንም ሴቲቱንም አላገኘሁም ብሎ ይናገራል። መጨረሻውን ነገረን ማለት ነው። ያም ሆኖ አንድ ሰዓት ከአርባ ምናምን ደቂቃ ትንፋሻችንን ይዘን እናያለን።

ስክሪፕቱን ዋይልደርና ቻንድለር ናቸው ከኬን ልብ ወለድ የጻፉት። አብረው ሲሠሩ አልተስማሙም፤ ውጤቱ ግን ንግግሩ ሁሉ እንደ ምላጭ የሆነ ፊልም ነው። ዋይልደር ኔፍ በመርዝ ጋዝ ሲገደል የሚያሳይ ረጅም ትዕይንት ብዙ ወጪ አውጥቶ ቀርጾ ነበር። በኋላ ቆርጦ ጣለው። ፊልሙ አሁን የሚያልቅበትን ቦታ ስታዩ ለምን እንደጣለው ይገባችኋል።

በሰባት ዘርፍ ለኦስካር ታጨ፤ አንዱንም አላገኘም።

ባርባራ ስታንዊክ ለምን ይህን ያህል ትወደሳለች?

እዚሁ ፊልም ውስጥ ባልየው መኪና ውስጥ የሚገደልበት ትዕይንት አለ። ግድያውን አናየውም። ካሜራው መኪናውን የምትነዳው ስታንዊክ ፊት ላይ ተተክሎ ይቀራል። አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ባሏ እየታነቀ ነው፤ እሷ መንገዱን ታያለች። ፊቷ ላይ የሚያልፈው ነገር ምንድን ነው? እርካታ? ፍርሃት? እፎይታ? ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር መልሴ ይለያያል። ብዙ ተዋናይት ያንን በጩኸት ትሠራው ነበር።

ስታንዊክ በ1907 ብሩክሊን ተወለደች። ሕፃን ሳለች እናቷ ሞተች፣ አባቷም ጥሎ ሄደ። በሰው ቤት እየተዘዋወረች አደገች፤ ገና በልጅነቷም በዳንስ እንጀራዋን መብላት ጀመረች። ክፉ ሴት ሆና ስትሠራ እንኳ የተቸገረ ሰው ብልጠት ታዩባታላችሁ። አራት ጊዜ ለኦስካር ታጭታ አላገኘችም። በ1982 የክብር ሽልማት ሰጧት። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ይገባታል።

ኑዋር ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ ወንድ አጥፊ ናቸው። ይህ ሴትን መናቅ አይደለም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊልሞቹን የጻፉትና የሠሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ወንዶች ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ሴቶች ሥራ ይዘው፣ ደመወዝ እያገኙ ጠበቋቸው፤ ያ ድንጋጤ ፊልሞቹ ውስጥ አለ። ቆንጆዋ ሴት ወጥመድ ናት የሚለው ሐሳብ አንዳንዴ በጣም ርካሽ ይሆናል።

ግን ተዋንያኑ ከስክሪፕቱ በልጠዋል። በ1947 የወጣውን «አውት ኦፍ ዘ ፓስት» ተመልከቱ። ጄን ግሪር በሩን አልፋ ከሜክሲኮ ፀሐይ ወደ ጥላው ስትገባ፣ ወንዱ ለምን ልቡን እንደጣለ ወዲያው ይገባችኋል። ለምን እንደምትዋሽም ቀስ በቀስ ይገባችኋል። በየሄደችበት በወንዶች ገንዘብና በወንዶች ጠመንጃ የተከበበች ሴት ናት። ግሪር በልጅነቷ ግማሽ ፊቷ አልታዘዝ ብሏት በልምምድ ነው የመለሰችው። እዚህ ፊልም ውስጥ ፊቷን እንዴት እንደምትቆጣጠረው ልብ በሉ።

ግሎሪያ ግራሃምን ደግሞ ማንም ወንድ አጥፊ ሊላት አይችልም። በ1953 ፍሪትዝ ላንግ በሠራው «ዘ ቢግ ሂት» ውስጥ የወንበዴ ውሽማ ናት፤ ሰውየው የፈላ ቡና ፊቷ ላይ ይደፋል። ከዚያ በኋላ ግማሽ ፊቷ በፋሻ ተሸፍኖ ነው የምናያት። የፊልሙን ሙሉ የሕሊና ክብደት የምትሸከመው እሷ ናት። በ1950 «ኢን ኤ ሎንሊ ፕሌስ» ውስጥ ደግሞ የምትወደውን ሰው ቀስ በቀስ መፍራት የምትጀምር ሴት ሆና ሠርታለች። ዳይሬክተሩ ኒኮላስ ሬይ ባሏ ነበር፤ ፊልሙ ሲቀረጽ ተለያይተው ለሰው አልተናገሩም። ያንን ሳያውቁ ቢያዩትም ያማል።

ሪታ ሄይዎርዝስ?

«ጊልዳ»ን እዩ፣ 1946። ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ ረጅም ጓንቷን እያወለቀች የምትዘፍንበት ትዕይንት በዓለም ላይ ያልተኮረጀበት ቦታ የለም። ዘፈኑ የአኒታ ኤሊስ ድምፅ ነው፤ እንቅስቃሴው ግን ከዳንሰኛ ቤተሰብ የተወለደችው የሄይዎርዝ ነው። ከዚያ በኋላ የያኔው ባሏ ኦርሰን ዌልስ ያን ዝነኛ ቀይ ፀጉሯን አሳጥሮ፣ ነጭ ወርቃማ አድርጎ «ዘ ሌዲ ፍሮም ሻንጋይ»ን ሠራባት። የስቱዲዮው አለቃ በንዴት ጦፈ። ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው በመስታወት የተሞላውን ክፍል ነው፤ ማንን እንደሚተኩሱ ሳያውቁ የራሳቸውን ምስል እየመቱ ይተኳኮሳሉ።

ቦጋርት መልኩ እንደ ሌሎቹ ኮከቦች አይደለም። ምኑ ነው የሚወደደው?

ሃምፍሪ ቦጋርት 1930ዎቹን በአብዛኛው ያሳለፈው መጨረሻ ላይ ተተኩሶ የሚሞት ወንበዴ ሆኖ ነው። ዕድሜው አርባን ካለፈ በኋላ በ1941 «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» መጣለት። ያውም ጆርጅ ራፍት የተባለው ኮከብ እምቢ ስላለ ነው። ጆን ሂውስተን ዳይሬክተር ሆኖ ሲሠራ የመጀመሪያው ስለነበር ራፍት አላመነውም።

ቦጋርት ሳም ስፔድን ሲሠራ ጀግና ነኝ አይልም። ይዋሻል፣ ይሳደባል፣ የሟች ባልደረባውን ሚስት ይዟል። ግን የማያልፋት አንዲት መስመር አለችው። መጨረሻ ላይ ያቺን መስመር ሲያስረዳ ዓይኖቹን እዩ፤ የሚወዳትን ሴት እያጣ መሆኑን ያውቃል። እኔ ግን ትልቁ ሥራው «ኢን ኤ ሎንሊ ፕሌስ» ነው ባይ ነኝ። ቁጣው ከእጁ የሚያመልጥ የፊልም ጸሐፊ ነው፤ ቦጋርት ያን ሰው እንድንወደው አድርጎ እንድንፈራው ያደርገናል።

ስለ ሎረን ባኮልም ብዙ ይጠየቃል። በ1944 የመጀመሪያ ፊልሟን አብራው ስትሠራ እሷ 19፣ እሱ 44 ዓመታቸው ነበር። በ1945 ተጋቡ፤ በ1957 እሱ እስኪሞት አብረው ኖሩ።

«ዘ ቢግ ስሊፕ»ን አይቼ ምንም አልገባኝም። ችግሩ እኔ ጋ ነው?

አይደለም። ፊልሙ ውስጥ የሚሞተውን ሹፌር ማን እንደገደለው የፊልሙ ሠሪዎችም አያውቁም ነበር። የመጽሐፉን ደራሲ ቻንድለርን ሲጠይቁት እሱም አላወቀውም እየተባለ ይነገራል። በዚያ ላይ ቦጋርትና ባኮል አብረው የሚታዩባቸው ትዕይንቶች እንዲበዙ ተብሎ ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንደገና ተቀረጸ፤ ታሪኩን የሚያስረዳ ክፍል ወጣ። የወጣው በ1946 ነው። ሁለቱ ስልክ ይዘው በፖሊስ ላይ ሲቀልዱ እያያችሁ ተደሰቱ፤ ቋጠሮውን ተዉት።

ከቦጋርት ሌላ ማንን ልከታተል?

ሮበርት ሚቸምን። ግዙፍ ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ የተጫነው ይመስላል፣ የማይተውን ይመስላል። በ«አውት ኦፍ ዘ ፓስት» ውስጥ ገጠር ገብቶ የቤንዚን ማደያ የከፈተ ሰው ነው፤ አንድ ቀን የድሮ ሰው መጥቶ ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ ሚቸም የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ እንዳወቀው ሆኖ ይጫወታል። ሳይጮህ፣ ሳይለምን። በ1948 በማሪዋና ተይዞ ታስሯል፤ ብዙዎች አለቀለት ብለው ነበር። ተመልካቹ ግን አልተወውም።

ከሰርከስ የመጣው በርት ላንካስተር የመጀመሪያ ፊልሙ በ1946 የወጣው «ዘ ኪለርስ» ነው፤ ገዳዮች እየመጡ መሆኑን ሰምቶ ከአልጋው የማይነሳ ሰው። ቡካሬስት የተወለደው ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን ደግሞ ወንበዴም፣ መርማሪም፣ የተዋረደ ምስኪንም መሆን ይችላል። ጆን ጋርፊልድን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። የአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪዎች የኮሚኒስት ጓደኞችህን ስም ጥራ ሲሉት አልጠራም አለ፤ ሥራ አጣ፤ በ1952 በ39 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ።

መጨረሻቸው ሁልጊዜ ለምን አሳዛኝ ነው?

በከፊል ሕግ ነበር። ከ1934 ጀምሮ የሆሊውድ የሳንሱር ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዳይቀር ያስገድድ ነበር። ጎበዞቹ ዳይሬክተሮች ቅጣቱን ከፖሊስ እጅ አውጥተው ወደ ሰውየው ውስጥ አስገቡት። ላንግ በ1945 በሠራው «ስካርሌት ስትሪት» ሮቢንሰን ላይ የሚደርሰው ከእስር ቤት ይከፋል። ፊልሙ በአንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች ታግዶ ነበር።

ሴት ዳይሬክተር ነበረች?

አይዳ ሉፒኖ። ለንደን ተወልዳ ሆሊውድ ውስጥ ኮከብ የሆነች ተዋናይት ናት። በራሷ ኩባንያ «ዘ ሂችሃይከር»ን በ1953 ሠራች። ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ ሁለት ጓደኛሞች መንገድ ላይ አንድ ሰው ያሳፍራሉ፤ ሰውየው ነፍሰ ገዳይ ነው። ሲተኛም አንድ ዓይኑ አይከደንም፤ ስለዚህ ተኝቶ ይሁን ነቅቶ እየጠበቃቸው ማወቅ አይችሉም። አጭር ነው፣ ትርፍ ነገር የለውም።

ጥቁር ተዋንያንስ?

በአብዛኛው አስተናጋጅ፣ የቤት ሠራተኛ ወይም የባቡር ሻንጣ ተሸካሚ ሆነው ነው የሚታዩት። ይህ የዘመኑ ነውር ነው፤ ፊልሞቹን ስለወደድን ልንሸፍነው አይገባም። በ1950 ሲድኒ ፖይቲየር በ«ኖ ዌይ አውት» ዘረኛ ታካሚ የገጠመው ወጣት ሐኪም ሆኖ መጣ።

ከሁሉ በላይ ግን የ1959ኙን «ኦድስ አጌንስት ቱሞሮው»ን እዩ። ሃሪ ቤላፎንቴ በራሱ ኩባንያ ነው ያሠራው። ሦስት ሰዎች ባንክ ሊዘርፉ ይነሳሉ፤ አንዱ የቁማር ዕዳ ያለበት ዘፋኝ፣ ቤላፎንቴ ነው፤ ሌላው ጥቁር ሰው ማየት የማይወድ ነጭ። ዕቅዱ ጥሩ ነው፤ የሚያፈርሰው ጥላቻው ነው። ዘረኛውን የሠራው ሮበርት ራያን በእውነተኛ ሕይወቱ ለጥቁሮች መብት የቆመ ሰው ነበር። ስክሪፕቱን የጻፈው ኤብራሃም ፖሎንስኪ በፖለቲካ ምክንያት በስሙ እንዳይሠራ ተከልክሎ ስለነበር ስሙ በፊልሙ ላይ የተመለሰው በ1996 ነው።

ቤላፎንቴን የእኛ ሰው በሌላም ያውቀዋል። በ1985፣ በእኛ 1977፣ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰባስበው እንዲዘፍኑ ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው።

በቀለም የተሠራ ኑዋር አለ?

አለ። «ሊቭ ኸር ቱ ሄቨን»፣ 1945፣ ጂን ቲየርኒ። ሐይቁ ላይ ያለው ትዕይንት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከብዙ የጨለማ ትዕይንት ይልቅ ያስፈራል።

የት አገኛቸዋለሁ?

«ዲቱር»፣ «ስካርሌት ስትሪት»፣ «ዘ ሂችሃይከር» እና ተመርዞ የራሱን ግድያ ለፖሊስ ሊያመለክት የሚመጣውን ሰው የሚያሳየው «ዲ ኦ ኤ» በአሜሪካ የባለቤትነት መብታቸው አልፏል። ስለዚህ ዩቲዩብና ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ ይገኛሉ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ቅጂዎች የደበዘዙ ናቸው። ጥላው ከጠፋ የፊልሙ ግማሽ ጠፋ ማለት ነው፤ የታደሰ ቅጂ ካለ እሱን ፈልጉ። በቀለም የተነከሩትንም እለፏቸው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ተርነር ክላሲክ ሙቪስ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ኤዲ ሙለር የሚያቀርበውን «ኑዋር አሊ» የተባለ ፕሮግራም ተከታተሉ፤ ከፊልሙ በፊትና በኋላ የሚናገረው ራሱ ትምህርት ነው።

እንግሊዝኛው ከፈጠነባችሁ የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ከሥር አብሩት። የዚያ ዘመን ንግግር ለአሜሪካኖቹም ፈጣን ነው። መብራት አጥፉ፣ ስልኩን አርቁ።

የጠፉ ኑዋር ፊልሞች አሉ?

አሉ፤ የሚፈልጓቸውም ሰዎች አሉ። ኤዲ ሙለር በ2005 ያቋቋመው ፊልም ኑዋር ፋውንዴሽን ሥራው ይኸው ነው። «ዉማን ኦን ዘ ረን» የተባለው የ1950 ፊልም አንድ ኮፒ አሜሪካ ውስጥ ተገኝቶ ነበር። በ2008 ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ላይ በደረሰው ቃጠሎ እሱም ነደደ። በኋላ ከብሪታንያ የፊልም ተቋም መዝገብ ሌላ ቅጂ ተገኝቶ ታደሰ። አን ሸሪዳን የተሰወረ ባሏን በሳን ፍራንሲስኮ ጎዳናዎች ትፈልጋለች። ትዳሩ ቀዝቅዟል፤ ባሏን የምታውቀው ስትፈልገው ነው። አሁን በጥሩ ቅጂ ይገኛል፤ ከ«ደብል ኢንደምኒቲ» ቀጥላችሁ እዩት።